ሦስተኛዋ እልልታ

ስልኬ በየዓመቱ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ እንኳን ተወለድሽ ይለኛል። ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ፌስቡክ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም «ዛሬ የምትኬ ልደት ነው» ብሎ አውጆ ይጠብቀኛል። ባሕር ዳር የምሠራበት ቢሮ ስደርስ ደግሞ ጓደኞቼ ኬኩ የታለ እያሉ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል። እኔም «ገና ነኝ፣ አልተወለድኩም» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ቀኑን የሞላሁት ራሴ ብሆንም የስህተቱ ሥር ያለው ሰቆጣ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ያስተማረን ቲቸር አበባው ጋ። ማረም እችል ነበር፤ አላረምኩትም፣ የማርመውም አይመስለኝም።

ልጅ እያለሁ ሰቆጣ ላይ ልደት የሚከበረው ለጌታችንና ለእመቤታችን ብቻ ነበር። ሌላውን ሰው መቼ ተወለድክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ቢጠየቅም «ማሽላው እሸት ሲይዝ»፣ «ያ ጎርፍ በመጣበት ክረምት»፣ «የእከሊት ሠርግ ሰሞን» ነው መልሱ። የእኔ ቀን ግን እንደሌላው ልጅ የሚጠፋ አልነበረም። ቤታችን ውስጥ ከፋሲካ ቀጥሎ የሚታወቅ ቀን ቢኖር እኔ የተወለድኩበት ነበር፤ ታኅሣሥ ሚካኤል። ታዲያ የሚታወቀው በእኔ አልነበረም። እናቴ አበራሽ እኔን በወለደችበት ዕለት፣ በዚያው ሰዓት አረፈች። ቀኑ የእሷ ነበር።

ስሜም የመጣው ከዚያ ነው። ምትኬ ያሉኝ የእናቴ ታላቅ እኅት እንጓዳይ ናቸው፤ በእኅታቸው ቦታ የቀረሁ ነኝ ማለታቸው ነው። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው፣ እትዬ እላቸዋለሁ። እትዬ ሲደሰቱ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በኽምጣንጋ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ኽምጣንጋን የተማርኩት በቁጣ ነው ብል አልዋሸሁም፤ እስከ ዛሬም ከምርቃቱ ይልቅ ስድቡ ይቀናኛል። አባቴ ደግሞ ግንበኛ ነበሩ። አንድ ድንጋይ አገላብጠው አይተው የት እንደሚቀመጥ ወዲያው የሚያውቁ፣ ለሰው ግን ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ።

ታኅሣሥ ሚካኤል ሲደርስ ቤታችን ከዋዜማው ጀምሮ ሌላ ቤት ይሆን ነበር። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥጋና ቅቤ የለም፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ድፎ ዳቦ ይደፋል፣ የጠላው ጋን ይከፈታል። የጌሾው ሽታ ከዩኒፎርሜ ላይ ሳምንት አይለቅም። ጠዋት የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ ጎረቤት ይቀምሳል። ከዚያ ሴቶቹ እናቴን ማንሳት ይጀምራሉ። ሳቋን፣ ፍንጭት ጥርሷን፣ ገበያ ስትሄድ የምታወርደውን ጨዋታ። እኔም ፍንጭት ነኝ። መሀል ላይ አንዷ ዞር ብላ ታየኝና «አዪ፣ አበራሽን ቁርጥ!» ትላለች፤ ወዲያው ነጠላ ሁሉ ወደ ዓይን ይሄዳል። በእኔ ምክንያት ሰው ሲያለቅስ የት እንደምገባ ይጠፋኝ ነበር።

አባቴማ በዚያ ቀን ጨርሰው አያዩኝም። አይቆጡኝም፣ አይመቱኝም፤ ብቻ ዓይናቸው እኔ ላይ አያርፍም። ከጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ፣ ራሴን ዳበስ አድርገው ያልፋሉ። በማግስቱ ያው የማውቃቸው አባቴ ናቸው። አንድ ዓመት፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ «እትዬ፣ ዛሬ የእኔም ቀን አይደል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እትዬ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በይ፣ አባትሽ ይሰማሉ። በሙት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ ሆድ ይፍጀው» አሉኝ። እኔም ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ግን አልፈጀውም።

ነገሩን ያባባሰው የጎረቤታችን መውለድ ነው። በእኛ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይቆጥርና ምን እንደተወለደ አውቆ ይሄዳል። ጎረቤታችን ሴት ወለደችና እትዬ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሦስቷን አቀለጧት። እኔም በጣቴ ስቆጥር ነበርና ቤት ስንመለስ «ለእኔስ ጊዜ ስንት አላችሁ?» አልኳቸው። እትዬ እንዝርት ይዘው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱ ቆመ።

«ሁለት» አሉ።

«ለሴት ሦስት አይደል?»

«ሦስተኛዋን ልል አፌን ስከፍት አዋላጇ በእጇ ከደነችኝ። ለአንቺ ሁለት፣ ከዚያ ለእናትሽ ለቅሶ።» እንዝርቱን መልሰው አሾሩና «የሞተ ተጎዳ ልጄ፤ በይ ሂጂ ውኃ ቅጂ» አሉኝ።

ውኃው ጋ እየሄድኩ ሳስበው፣ ለገንፎ የተጣደው ድስት በዚያ ቀን እንዴት ከእሳት እንደወረደ፣ ልትስቅ የመጣች ሴት ሁሉ እንዴት ወደ ሙሾ እንደዞረች ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ መወለዴ ራሱ ያላለቀ ነገር ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ተነግሮላቸው የመጡ፣ እኔ መሀል ላይ የተቋረጥኩ። ስጦታ አልፈለግኩም፣ ድግስም አልፈለግኩም። የፈለግኩት ያ ቀን ሙሉውን ለሞት ሳይሰጥ ግማሹ እንኳ የእኔ እንዲሆን ነበር። ይህ ለማን ይነገራል?

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ቲቸር አበባው መጣ። አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህ ሊገባ ነው እያለ የሚያወራበት ሰሞን ነበር። ቲቸር ከጎጃም የተመደበ፣ ኮሌጅ ከጨረሰ ገና ወራት የሆነው፣ የሰቆጣ ነፋስ ባርኔጣውን በቀን ሦስቴ የሚያስሮጠው ልጅ እግር አስተማሪ ነበር። እንደ መጣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ አቋቋመ። ዕቃው አንድ ሜጋፎን ብቻ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን መስኮት ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ያኔ ነፍስ ይዘራና ሁለት ቀን ያናግረናል። ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ከእኛ አንዱ ወጥቶ «ዕለቱ በታሪክ» የሚለውን ዝግጅት ያነባል።

ዝግጅቱ የሚወጣው ሽፋኑ ከወለቀ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ በየቀኑ በዓለም ላይ የሆነውን፣ የተወለደውንና የሞተውን ያስቀምጣል፤ ቲቸር ይተረጉማል፣ እኛ እናነባለን። መጀመሪያ የተፈጸመ፣ ቀጥሎ የተወለደ፣ መጨረሻ ያረፈ። እንዲህ ያለ ሊቅ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠራ፣ እንዲህ ያለ መርከብ ሰጠመ፣ እንዲህ ያለ ንጉሥ ተወለደ። ቲቸር አበባው ታዲያ ዲሴምበር ማለት ታኅሣሥ፣ ጃንዋሪ ማለት ጥር ነው ብሎ ቀኑን እንዳለ ይገለብጠው ነበር። በመሀሉ የቀን ልዩነት እንዳለ ለእሱም አልታየው፣ ለእኛም አልታየን። የዓለም ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ሰቆጣ ላይ ዘጠኝ ቀን ዘግይተው ይወለዱ ነበር። የተጎዳ ሰው የለም። እኔም በዚያው ልምድ ቀኔን ፌስቡክ ላይ ዲሴምበር አሥራ ሁለት ብዬ ሞላሁት፤ ያለ ቀኔ እንኳን ተወለድሽ ስባል ነው ነገሩ የገባኝና ብቻዬን የሳቅኩት።

ቤታችን አባቴ ከገነቡት ከትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ሜጋፎኑ በቀጥታ እኛ ግቢ ነው የሚገባው። እትዬ ዋና አድማጭ ሆኑ። ጠዋት ግቢ እየጠረጉ ያዳምጡና አንድ ሊቅ ተወለደ ሲባል «እሰይ፣ ይደግ!» ይላሉ፤ አንድ ንጉሥ ሞተ ሲባል መጥረጊያቸውን አቁመው «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈውን ሰው ሁሉ! ምሳ ላይ ደግሞ «ኧረ ይሄ የፈረንጅ አገር ምን ጉድ ነው፣ ሞት በየቀኑ!» እያሉ ያሾፋሉ። ድምፄ ደህና ስለነበር እኔ ባነበብኩ ቀን ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው «የኔ ልጅ ናት» ማለታቸው አይቀርም።

የታኅሣሥ ተራ ሲወጣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስሜን አየሁት። የደረሰኝ የሚካኤል ዕለት ነው። ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ቀረሁና «ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ የሌለ ሰው ማስገባት ይቻላል?» አልኩ።

«ማንን?»

«የሰቆጣ ሰው ናት። በዚያ ቀን ያረፈች።»

«ምን የሠራች?»

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። መርከብ የለ፣ መሣሪያ የለ። «እኔን ወለደች» አልኩት።

ቲቸር አበባው ጠመኔውን አስቀመጠ። ሊቀልድ የነበረ ይመስለኛል፣ ፊቴን አይቶ ተወው። «መቼ ነው የወለደችሽ?» አለኝ። በዚያው ቀን ነው ስለው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ያለሽ ሁለት ዜና ነው። አንዷ አርፋለች፣ አንዷ ተወልዳለች። ሁለቱንም ታነቢያለሽ፤ አንዱን ደብቀሽ አንዱን ብቻ ማንበብ አይሆንም» አለ። ተወልዳለች ሲል እኔን ማለቱ ነበር። ያንን ቀን ከእኔ ጋር አያይዞ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወደ ቤቴ እየሮጥኩ ሄድኩ፣ ለምን እንደምሮጥ አላውቅም።

ዋዜማውን ግን ፍርሃት ያዘኝ። እትዬ ዳቦውን ለመድፋት ኮባ እያጠቡ ነው፣ አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ነገ ይህ ሁሉ ሰው ግቢያችን ውስጥ እናቴን እያለቀሰ እያለ የእኔ ድምፅ በአጥር ይመጣል። እትዬ በኽምጣንጋ ቢቆጡኝ እችለዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ። የፈራሁት አባቴን ነው። ከዚያ በኋላ በማግስቱም ባያዩኝስ? በዓመት አንድ ቀን የነበረው ነገር ዓመቱን ሙሉ ቢሆንብኝስ? አንብቤው ከምጸጸት ዝም ብል ይሻላል አልኩ። ደግሞ ወዲያው፣ ዝም ያልኩበት ዓመት አይበቃም ወይ አልኩ። እትዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው «ምን ታነበንቢያለሽ?» አሉኝ። የነገውን ተራዬን ነው ስላቸው «በይ ጎሽ፣ ጮክ በይ። እንግዳው ሁሉ ይስማሽ» አሉ፣ ምንም ሳያውቁ።

ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሰልፉ ቆመ፣ ባንዲራው ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ የንፍሮው ጭስ ይታየኛል፣ የሴቶቹ ወሬ ይሰማኛል። ሜጋፎኑን አነሳሁ። የውጭውን ታሪክ እንደ ነገሩ አነበነብኩት፤ ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም። ከዚያ ሁልጊዜ የተወለዱት ይቀድማሉ፣ ያረፉት ይከተላሉ። እኔ ገለበጥኩት።

«በዛሬው ዕለት፣ በታኅሣሥ ሚካኤል፣ ወይዘሮ አበራሽ የምትባል የሰቆጣ ሴት አረፈች። ፍንጭት ነበረች። ገበያ ስትሄድ ሳቋ ከሩቅ ይሰማ ነበር ይላሉ» አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ወሬ ጸጥ አለ። ሜጋፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ ቀጠልኩ። «በዛሬው ዕለት የዚህች ሴት ልጅ ተወለደች። ስሟ ምትኬ ነው። ልጅቷ ደህና ናት። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች።»

ሌላ ጊዜ ሲያልቅ ይጨበጨባል። አሁን ማንም አላጨበጨበም። ተማሪው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቲቸር አበባው የጫማውን ጫፍ ያያል። እኔ ግን የምሰማው አጥሩን ነበር። የማያውቁት ንጉሥ ሲሞት ነፍስ ይማር የሚሉት እትዬ ዛሬ ድምፃቸው የለም። አበላሸሁት አልኩ በሆዴ፣ አለቀልኝ።

ያኔ ነው የመጣችው። እልልልልልል… አንዲት፣ ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ ሻክራ የተሰበረች። በድንጋዩ አጥር ላይ ተሻግራ መጥታ ሰልፉ መሀል ወደቀች። የእትዬን ድምፅ ከሺህ ሴት መሀል አውቀዋለሁ። ሌላ ትደገም ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተደገመችም። ያን ጊዜ ገባኝ። ተማሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ማጨብጨብ ጀመረ፣ እኔም በሰው ፊት ሜጋፎን አቅፌ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ለምሳ ስመለስ እግሬ እየተጎተተ ነው። ሴቶቹ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ አንዷ ትስመኛለች፣ አንዷ «ይቺ ጉደኛ!» ብላ ጉንጬን ትቆነጥጣለች። እትዬ የሰው ፊት ማየት አፍረው ጓዳ ገብተዋል። «በሙት ቀን እልል አልኩ፣ አፌ አመለጠኝ» እያሉ ከጓዳ ሆነው የንስሐ አባታችንን ሲጠይቁ ደረስኩ። ቄሱ ጠላቸውን እያጣጣሙ «ምን ችግር አለው፣ ሚካኤል ለራሱ የተባለ መስሎት ደስ ብሎታል» አሏቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። በታኅሣሥ ሚካኤል እኛ ቤት ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬም ወጥተው አቀፉኝና «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እል ነበር፤ ድግሱን ይዤ ስቀመጥ አላየሁትም ለካ» አሉኝ።

አባቴ አመሻሽ ላይ ገቡ። ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ሳለ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ የእናቴን ስም ሰምተው ቆመው ነበር አሉ። የቀረውንም ሁሉ ሰምተዋል። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ መሬቱን አያለሁ፤ አሁን ደግሞ ዓይን የምሸሸው እኔ ሆንኩ። እንደ ወትሮው ራሴን ዳብሰው የሚያልፉ መስሎኝ ስጠብቅ ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። ድንጋይ ያሻከረው እጃቸው አገጬን ቀና አደረገው። ድንጋይ የሚያዩበት ዓይን ነው፣ ቀስ ያለ፣ አገላብጦ የሚያይ።

«እስኪ ሳቂ» አሉኝ።

ሳቅኩ፣ እንደምንም። ፍንጭቴን አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን አላነሱትም፤ እኔ ላይ እንዳለ ቆየ። «እሰይ» አሉ። የቃል ቆጣቢ ሰው እሰይ ምን ያህል እንደምታህል የሚያውቅ ያውቃታል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ታኅሣሥ ሚካኤል ቤታችን ሁለት ነገር ሆነ። ጠዋት ጸሎቱ ይደርሳል፣ እናቴ ትነሳለች፣ ይለቀሳል፤ ዳቦው ሲቆረስ ደግሞ እትዬ አንድ እልልታ ብቻ ይላሉ፣ የመጀመሪያውም ቁራሽ ለእኔ ይሰጣል። ቲቸር አበባው ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ አገሩ ተዛወረ። አባቴም ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። የሠሩት አጥር ግን አለ።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ልጄ ልደቷ የሚከበረው ከሁለት ሳምንት በፊት እየታወጀ፣ ፊኛ እየተነፋ፣ ፎቶ እየተነሳ ነው። አልጠላውም፤ እኔ ያላየሁትን ስታይ ደስ ይለኛል። እሷን ስወልድ እትዬ ከሰቆጣ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዘበኛው እየተቆጣቸው ሦስቷን ሳይጨርሱ አላቆሙም። ለእኔ ደግሞ በየዓመቱ በትክክለኛው ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ይደውላሉ። መጀመሪያ «እናትሽን ነፍሷን ይማር» ይላሉ፣ አሜን እላለሁ። ከዚያ ያቺን አንዷን ይሏታል። ሰቆጣ ስልክ የጠፋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በእነዚያ ቀኖች ስልኬን እያየሁ ዋልኩ፣ አልጮኸም። መስመሩ ሲመለስ እትዬ «ያለፈውንም ጨምሬ ነው የምልልሽ» ብለው ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አቀለጡት።

ዘንድሮም ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ጥርሳቸው ስለሳሳ እልልታዋ ውስጥ ነፋስ ይገባባታል፤ ግን መጣች። ልጄ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ቆይታ ግራ ገባት። ሴት ስትወለድ ሦስት እንደሚባል ራሳቸው እትዬ አስተምረዋታል።

«እማዬ፣ ለአንቺ ለምን አንድ ብቻ?» አለችኝ።

«ሁለቱ ያኔ ተብለዋል» አልኳት። «አያትሽ እየሰማች።»